ወፍጮ ቤት የሚነበብ ደብዳቤ

ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰፈራችን ድንጋይ ጠራቢዎች ገብተው፣ ከደጄ ፊት ለፊት ቁጢጥ ብለው ለመንገድ የሚነጠፈውን ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ቋ፣ ቋ ሲያደርጉ ይውላሉ። ጎረቤቶቼ ራሳችንን አመመን እያሉ ይማረራሉ፤ እኔ ወንበሬን ወደ በሩ አስጠግቼ አዳምጣለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልነገርሁም፤ አሮጊቷ ጃጀች እንዳልባል ነው። አባቴ የወፍጮ ድንጋይ ሲወቅር ልክ እንደዚህ ነበር የሚሰማው። በየሳምንቱ ሰኞ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የላይኛውን ድንጋይ በሰው ኃይል አስነሥቶና ገልብጦ፣ እህል ሲፈጭ ከርሞ የለሰለሰውን ፊቱን በመውቀሪያ እያሻከረ፣ በበሩ ለሚያልፈው ሁሉ ሰላምታ ለመስጠት እጁን እያቆመ፣ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የልጆቹን ደኅንነት አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ የሁለት ሰዓቱን ሥራ እስከ ምሳ ያደርሰው ነበር። እናቴም ከጓዳ ሆና «ይህ ሰውዬ ድንጋይ ይወቅራል ወይስ ድንጋዩን ከሰው ያስተዋውቃል?» ትል ነበር።

አባቴ አቶ ፈንታ የተወለደው እንጅባራ አጠገብ ከአገው ገበሬ ቤት ነው። ዳንግላ የገባው በጎረምሳነቱ አንድ ፈረስ እየሳበ ሲሆን፣ ያንን ፈረስ ጋሪ ላይ ጠምዶ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ፣ አንዱን ጋሪ ሁለት፣ ሁለቱን አራት ሲያደርግ ቆይቶ፣ እኔ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ሦስቱን ሸጦ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ገዛ። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ግድም መሆኑ ነው፤ ዓመቱን በትክክል አልይዘውም። እናቴ የደምበጫ ልጅ ስለነበረች አገውኛ አትሰማም፤ አባቴ ከባላገሮቹ ጋር በአገውኛ ተጫውቶ ሲያሽካካ «በእኔ እየሣቃችሁ ቢሆንስ?» ብላ ታኮርፋለች፣ እሱም ጨዋታውን ከመጀመሪያው አንሥቶ በአማርኛ ይተርክላታል፣ በአማርኛ ሲነገር ግን አላስቅ ስለሚል በመጨረሻ ባለማሣቁ ይሣሣቁ ነበር። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የምባለው እኔ ብቻ ነበርሁ። በዚያ ዘመን ልጅ አባቱን አንቱ ነው የሚለው፤ አባቴ ግን «አንቱ ስትይኝ እንግዳ የመጣብኝ ይመስለኛል» ብሎ ስለከለከለኝ አንተ እያልሁት አደግሁ፣ ይህን የሚሰሙ ሴቶችም አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር።

ክረምት ሲገባ የዳንግላ መንገድ ጭቃ ሆኖ የጋሪ ጎማ እየዋጠ፣ ከገጠር እህል ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ተራ እስኪደርሳቸው ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጠጋግተው ቆመው፣ እህሉን በነጠላቸው ሸፍነው ራሳቸው በዝናብ ይበሰብሱ ነበር። ሌላ ባለ ወፍጮ ቢሆን የክረምት ጠባይ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። አባቴ ግን አንድ ክረምት ብቻ ካየ በኋላ እንጅባራ ሄዶ ቀርከሃ በጋሪ አስጭኖ መጣና፣ ከወፍጮው ጎን ሰፊ መጠበቂያ ቤት አቆመ፤ ዙሪያውን የቀርከሃ መደብ አድርጎ፣ መሐሉ ላይ እሳት አስነድዶ፣ ጥግ ላይ አንድ ጆንያ ድንች አስቀመጠ። ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ከጆንያው ድንች አንሥቶ፣ ረመጥ ውስጥ ቀብሮ አብስሎ ይበላ ነበር። «ፈንታ፣ ወፍጮ ነው የከፈትኸው ወይስ የድግስ ቤት?» እያሉ ሲቀልዱበት፣ «ሰው ደጄ ቆሞ ዝናብ ከደበደበው እኔ ምኑን ነገድሁት» ይል ነበር። ደግነት ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ስለሆንሁ አውቀዋለሁ፣ ብልጥም ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ወፍጮ የሚቀርባቸው ሴቶች ሳይቀሩ ያንን እያለፉ ወደ እኛ ይመጡ ጀመር፤ ማን እንደታጨ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተጣላ የሚሰማው እዚያ መደብ ላይ ነበርና።

ሚዛኑን የሚይዙት የኔታ መንክር ነበሩ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። መሪጌታ ሲሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን በማይቆሙበት ቀን ወፍጮ ቤት ተቀምጠው ይመዝኑ ነበር፣ አባቴ ማንበብና መጻፍ ስለማያውቅም ወረቀት የነካ ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ነበር። ቁጥብ ሰው ነበሩ፤ አባቴ ጥዋት ከቤት እስከ ወፍጮው ሲሄድ የሚናገረውን እሳቸው በሳምንትም የሚናገሩ አይመስለኝም። ውሸት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንላቸውም፤ ሴቶቹ «የኔታ፣ ትንሽ ቀነስ አድርገው ይዩልኝ» ሲሏቸው «እኔ የማየው ያለውን ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲጠባ፣ አሮጌው እህል ተሟጦ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ስለሚሆን፣ ወፍጮው በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ይነሣ ነበር። ያኔ አባቴ የቀረችውን ጋሪ አጥቦ፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ እንጅባራ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ በሆነበት ወቅት ነው። ሌላ ሰው በጥዋት ተነሥቶ ከሰዓት የሚገባበትን መንገድ እኛ መሐል መንገድ ላይ ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ አድረን በማግሥቱ ነበር የምንደርሰው፤ አባቴ ሰው አይቶ ማለፍ አይችልም። ማሳ ውስጥ የቆመ ገበሬ ካየ ጋሪውን አቁሞ፣ በአገውኛ ተጣርቶ፣ የአባቱን ስም ጠይቆ፣ የአያቱን ጠይቆ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ እስኪያገኘው ድረስ አይነቃነቅም ነበር። «አባባ፣ ታውቀዋለህ?» እለዋለሁ። «አሁን አወቅሁት» ይለኛል። ወደ እንጅባራ ስንቃረብ ብርዱ ይጠናል፤ ጋቢውን አውልቆ በእኔ ላይ ደርቦ፣ እሱ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ብርድ ያነቃል» እያለ ፈረሱን ይነዳ ነበር። እኔም አምኜው፣ ተሸፋፍኜ እተኛ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ጊዜ የለም። ዳጉሳው፣ ገብሱ፣ ጤፉ ከአውድማ ወጥቶ፣ ለገናና ለጥር ሠርግ የሚሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ፣ ወፍጮው ከጥዋት እስከ ማታ ሳያቋርጥ እየጮኸ፣ የአባቴ ቅንድብና ሪዝ ዱቄት ለብሶ ሽማግሌ ያስመስለው ነበር። በየዓመቱ በገና ዋዜማ ሞተሩን ያስጠፋና፣ እኔን አቅፎ ሚዛኑ ላይ ያወጣኝና «የኔታ፣ ይችን እህል ይዩልኝ» ይል ነበር። የኔታም ሳይሥቁ የሚዛኑን ድንጋይ ጨምረው፣ ቀንሰው፣ «ሃያ ሁለት» ይላሉ፣ አባቴም ወደ መደቡ ዞሮ «ሰማችሁ? ከአምና በሦስት ኪሎ በልጣለች» ሲል ሴቶቹ እልል ይሉ ነበር። ትንሽ ሳለሁ ከገና ሁሉ የምጠብቀው ይህን ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ግን ማፈር ጀመርሁ፤ «አባባ ተወኝ፣ እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?» ብዬ ከእጁ ወጥቼ ሮጥሁ። ሣቀ። ግን ያን ቀን ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ብዙ ጊዜ ወደ በሩ ሲመለከት አይቼዋለሁ።

አንድ ሌላ ሥራም ነበረው፣ ሥራ ከተባለ። በእኛ አገር ዘመዱ ርቆ የሞተበት ሰው እንዲሁ በድንገት አይነገረውም፤ ጎህ ሲቀድ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወዳጅ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጁ ድረስ ሄዶ ነው መርዶው የሚነገረው፣ ቃሉን የሚያወጣውም ተመርጦ ነው። በሰፈራችን የሚመረጠው ሁልጊዜ አባቴ ነበር። ከአልጋው ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ሲወጣ እናቴ «ዛሬ ደግሞ በማን ላይ ነው?» ትለዋለች፣ እሱም በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ ቁርስ አይበላም ነበር። አንድ ጊዜ እንዴት ብሎ እንደሚነግራቸው ጠየቅሁት። «ምን እነግራለሁ እናትዬ» አለኝ፤ «በዚያ ሰዓት እኔን በራቸው ላይ ሲያዩኝ ራሳቸው ያውቁታል። እኔ እጃቸውን መያዝ ብቻ ነው።»

እኔ ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ክፍል በአቅራቢያችን ገና አልነበረም። ሰዎች አባቴን «ሴት ልጅ ናት፣ ምን ታደርግልሃለች፣ ዳራት እንጂ» ሲሉት «ተራዋ ገና ነው» ብሎ፣ ደብረ ማርቆስ ወዳለችው እህቱ ወደ አክስቴ ብርቄ ሊልከኝ ቆረጠ። ከዳንግላ በተነሣሁበት ቀን አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ፣ ከሹፌሩ እስከ መጨረሻው ወንበር ያለውን ሁሉ ሰላም ብሎ፣ «ልጄን አደራ» እያለ ስለዞረ፣ እስከ ማርቆስ ድረስ መንገደኛው በሙሉ ቆሎ ሲያስጨብጠኝ ሄድሁ። እሱ ግን ሲወርድ ፊቱን አላዞረም። እያለቀሰ እንደነበር እናቴ በኋላ ነግራኛለች።

ከዚያ ወዲያ በደብዳቤ ሆነ። የእኔ ደብዳቤ ዳንግላ ሲደርስ አባቴ ሞተሩን ያስጠፋል፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ መደቡን ሞልቶ ይቀመጣል፤ የኔታ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። መልሱም እዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አባቴ እየተናገረ እሳቸው እየጻፉ ይዘጋጅ ነበር። «ልጄ ይታይሽ» ይላል፤ «ዳጉሳዋን ይዛ ተራ የምትጠብቀው ወይዘሮ አለሚቱ ሰላም ብላሻለች፣ ስሜን ካላስጻፍህ እህሌን ይዤ እመለሳለሁ ስላለችኝ ነው። እናትሽ በሶ ልካለች፤ እኔ ሳታይ ማር ጨምሬበታለሁ፣ እንዳትነግሪያት። የኔታ ይህን አልጽፍም ብለው ነበር፣ በስንት ልመና ጻፉልኝ።» እንዲህ እየሆነ ሁለትና ሦስት ገጽ ይሞላ ነበር። ማርቆስ የአክስቴ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳነበው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል በሆንሁበት ዓመት፣ የካቲት ውስጥ፣ ቅማል በዝቶብኝ አክስቴ ራሴን ላጨችኝ። አልቅሼ ለአባቴ ጻፍሁለት፤ ለእሱ የማልጽፈው ነገር አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት የዳንግላ ልጅ፣ ቤተሰቧን ጠይቃ ተመልሳ፣ በክፍሉ ልጆች መሐል «ይታይሽ፣ እናቴ ለቅማሉ የእንዶድ ውኃ ያዋጣል ብላለች» አለችኝ። ለካ የእኔ ራስ መላጨት ገበያ ሁሉ ሰምቶታል። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሣቁብኝ። እኔም በንዴት፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ ለአባቴ ይህን ጻፍሁ፤ «ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አስነብብ። የእኔን ነገር ወፍጮ ቤት እያስነበብህ አዋረድኸኝ። ከእንግዲህ እንደዚያ የምታደርግ ከሆነ አልጽፍልህም፣ አንተም አትጻፍልኝ።» ፖስታው ላይም በትልቁ «ለብቻ ይነበብ» አልሁበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ሞኝ ነበርሁ፣ ወረቀቱም ያንን ይዞ ሄደ።

ቀጥሎ ያለውን አሁን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ በቅደም ተከተል አላወቅሁትም። አባቴ በዚያው በመጋቢት መጨረሻ ተስቦ ያዘው፤ በዘጠነኛው ቀን፣ ሚያዝያ ሲጠባ፣ ሞተ። ከመሞቱ በፊት እናቴንና የኔታን አስጠርቶ «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፤ ደብዳቤውም እንዳይቋረጥባት፣ ትጠረጥራለች» ብሏቸዋል። እኔ አባቴ መሞቱን የሰማሁት በሰኔ መጨረሻ ነው። ወደ ሦስት ወር ገደማ አባት ያለኝ ሆኜ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ገመድ ዘለልሁ።

አክስቴ በዚያ ሰሞን «የዘመድ ሠርግ አለብኝ» ብላ ለጎረቤት አደራ ሰጥታኝ አምስት ቀን ጠፋች። በዐቢይ ጾም የምን ሠርግ? አሁን ሳስበው ደንግጣ አፏ ላይ የመጣላትን መናገሯ ነው፤ እኔም ያን ያህል ዓመት ጾም ስጾም አድጌ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራ ነበር። «ብርድ መታኝ» አለችኝ። ዝንጅብል አፈላሁላት፤ እያየችኝ ጠጣችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ከዳንግላ መልስ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። የኔታ እጅ ጽሕፈት ነው፣ ያው እንደ ወትሮው ቁም ጽሕፈት የመሰለ። ግን አራት መስመር ብቻ ነበር፤ «ለልጄ ለይታይሽ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ትምህርትሽን በርቺ።» ገለበጥሁት፣ ጀርባው ባዶ ነው። የአለሚቱ ሰላምታ የለ፣ ቀልድ የለ፣ እናትዬ የለ። አባቴ ተቀይሞኛል አልሁ። ሌላ ምን ልበል? የሚቀጥለውም አራት መስመር ሆነ። ፋሲካን ቤቴ እውላለሁ ስል አክስቴ «ፈተና ደርሷል፣ እዚሁ አጥኚ ተብሏል» ስትለኝ ደግሞ አባቴ ፊቴን ማየት እንደጠላ ቆጠርሁት። የፋሲካውን ዶሮ ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ግንቦት ላይ አልቻልሁም፣ ተሸነፍሁ። «አባባ፣ ይቅር በለኝ» ብዬ ጻፍሁ፤ «ደብዳቤዬን ከፈለግህ ገበያ መሐል አስነብበው። ሚዛን ላይም እወጣለሁ። ብቻ እንደ ድሮው ጻፍልኝ።» መልሱን ስጠብቅ በየቀኑ ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ እመጣ ነበር። መጣ፤ ሁለት መስመር ነበር። «ልጄ ሆይ፣ አባት በልጁ አይቀየምም። በርቺ።» እንደ ድሮው አልነበረም፣ ግን በቃኝ፤ ታረቀኝ አልሁ። ወረቀቱን አጣጥፌ በደረቴ ይዤ ፈተናው ላይ ተቀመጥሁ፣ እንደዚያን ጊዜ ልቤ ቀልሎልኝ አያውቅም። የአባቴ መቃብር ላይ በዚያን ጊዜ ሣር በቅሎበት ነበር።

ፈተናው አልቆ ከአክስቴ ጋር በአውቶቡስ ስንመለስ ክረምቱ ገብቶ ነበር። አባቴ መናኸሪያው ላይ አልነበረም። «እንጅባራ ሄዷል» አለችኝ አክስቴ፣ ዓይን ዓይኔን ሳታይ። ቤታችንም አልወሰደችኝም፤ በቅርብ ወዳለው ወደ የኔታ መንክር ቤት አስገብታኝ «ጭቃው ከባድ ነው፣ ዛሬ እዚህ እንደር» አለች። የኔታ ሰላም ሲሉኝ ራሴን ዳበሱኝ፤ ከዚያ በፊት አድርገውት አያውቁም። እኔ ግን አእምሮዬ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ቂሙ አሁንም አልወጣለትም፣ ሆን ብሎ ነው የሸሸኝ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተና ሰው ይገባ ጀመር። እናቴ መጣች፣ ጎረቤቱ መጣ፣ ወይዘሮ አለሚቱ መጣች፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው በግድግዳው ሥር ተደረደሩ። አንዱ አንዱን ያያል፣ ማንም አይጀምርም። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በዚያ ሰፈር ለሃያ ዓመት ይህን ቃል ያወጣ የነበረው አንድ ሰው ስለነበረ ሌላ የለመደ አልነበረም። ፊታቸውን አንድ በአንድ ፈለግሁ። ጎህ ሲቀድ ሰው እንዲህ ተሰብስቦ አባቴ ከመሐላቸው ከሌለ፣ የሞተው ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

«አባባ ነው?» አልሁ። ያኔ ነው እናቴ የጮኸችው። መርዶዬን ለራሴ ያረዳሁት እኔው ነኝ። እጄን የያዘኝ ሰው ማን እንደነበር አላስታውስም፣ ብዙ ነበሩ፤ የፈለግሁት እጅ ግን አልነበረም። ቀብሩ አምልጦኛል፤ አርባው ወጥቷል፤ ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ እኔ ብቻዬን አዲስ ለቀስተኛ ሆንሁ። በዚህ እናቴን ለብዙ ዓመት አዝኜባታለሁ። «የሞተ ሰው አደራ ነው፣ ምን ላድርግ?» ትለኝ ነበር፣ እውነቷን ነው፣ እኔ ግን እውነቷ መሆኑ ምንም አላደረገልኝም።

ሳምንት ካለፈ በኋላ ወፍጮ ቤት ሄድሁ። የኔታ ከሚዛኑ አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነበርና ጠየቅኋቸው። «የኔታ፣ ተቆጥቼ የጻፍሁትን ደብዳቤ አባባ ሰምቶታል?»

የሚዛኑን ድንጋይ አነሡና መልሰው አስቀመጡ። «አልሰማውም» አሉ፤ «የደረሰው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። አላነበብሁለትም።»

«ታዲያ አልተቀየምሁም ብለው የጻፉልኝ?»

«እንደዚያ አላልሁም ልጄ። አባት በልጁ አይቀየምም ነው ያልሁ፣ ይህ እውነት ነው። አደራ የተባልሁት እንዳይቋረጥብሽ ነው እንጂ የምጽፈውን አልነገረኝም። በሙት አፍ መናገር ፈርቼ ነው ያሳጠርሁት። ደኅና ነን ብዬ እንኳ አልጻፍሁልሽም፣ ሂጂና እይው።» መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ለእኔ ሲሉ ምን ያህል እንደተቸገሩ ያኔ ገባኝ።

አመንኋቸው። ብዙ ዓመት አመንኋቸው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን፣ አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ስለ አባቴ ስናወራ፣ ነገሩን አነሣሁባት። «ምን ሲባል አልሰማም? ሰምቶታል እንጂ» አለች፤ «የኔታ ጓዳ ድረስ ገብተው ለብቻው አነበቡለት። እስኪበቃው ሣቀ። ልጄ አደገች፣ ቁጣ አወቀች አለኝ። የታመመው ከዚያ በኋላ ነው።» የኔታ ሳይሰማ ሞተ ያሉኝ፣ ቃሌ አባቴን አላሳዘነውም ብዬ እንዳርፍ ይሆናል፤ እናቴም ሰምቶ ሣቀ ያለችኝ ይቅር እንዳለኝ አውቄ እንዳርፍ ይሆናል። ሁለቱም ይወዱኝ ነበር፤ ደግሞ ሁለቱም ለሦስት ወር ደብቀውኛል። ማናቸውን ልመን? ሰምቶ አዝኖ እንደሆነስ፣ ሦስተኛው ነገር እሱ ነው፤ ያንን የሚነግረኝ ሰው በዚያች አገር አይገኝም።

ዛሬ ዳንግላ ስሄድ ወፍጮው በመብራት ነው፤ ሴቶቹ እህላቸውን በባጃጅ አምጥተው አስረክበው ይሄዳሉ፣ ዱቄቱ ሲያልቅ በስልክ ይጠራሉ፣ ተራ የሚጠብቅ የለም። እንዲህ መሆኑ ለእግራቸውም ለጊዜያቸውም ይሻላል፣ ድሮን አላጋንንም። የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ትማራለች፤ ከአባቷ ጋር በስልክ ስትጻጻፍ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ሰማያዊ ሲሆኑ «አየሽ አያቴ፣ አንብቦታል» ትለኛለች፣ ትቆጣዋለች፣ እዚያው ትታረቀዋለች፣ ቡናዋ ሳይቀዘቅዝ ነገሩ ያልቃል። እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ ያቺ ደብዳቤ ትነበብ አትነበብ አላወቅሁም። የወፍጮ ቤቱን ሴቶች አንድ በአንድ ጠይቄያቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት የጻፍኋቸውን ሁሉ ያስታውሳሉ፣ ቅማሉን ሳይቀር፣ አባቴ የት ላይ እንደሣቀ፣ የት ላይ ዓይኑን እንደጠረገ ይነግሩኛል፤ ያቺን አንዷን ግን አልሰሟትም። አርባ ምስክር ነበረኝ፤ ለብቻ ይነበብ ብዬ በገዛ እጄ ከቤት ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።